እሴትን በቁጥር፦ የአገሮች ሕዝቦች አስተሳሰብ እንዴት ይለካል፣ እንዴትስ ይነጻጸራል?

ማኅበራዊ እሴት የሚባለው አንድ ማኅበረሰብ መልካም፣ ተገቢና ሊተጉለት የሚገባ ነው ብሎ የያዘው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍና በአንድ ጀምበር የማይለወጥ የኑሮ መመዘኛ ሲሆን፣ አመለካከት ደግሞ ሰዎች ስለ አንድ የተወሰነ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ስለ መንግሥት አሠራር፣ ስለ ጎረቤት ሕዝብ ወይም ስለ ሴቶች ሥልጣን፣ በአንድ ወቅት የሚይዙት የመደገፍ ወይም የመቃወም ዝንባሌ ነው። ሁለቱም በዓይን አይታዩም፤ የሚደረስባቸው ሰዎች ከሚናገሩት፣ ከሚመርጡትና ከሚያደርጉት በመነሣት ብቻ ነው። ያም ሆኖ የአንዱ አገር ሕዝብ ከሌላው ይልቅ እርስ በርሱ እንደሚተማመን፣ የበለጠ ሃይማኖተኛ እንደሆነ ወይም ለባለሥልጣን የበለጠ እንደሚታዘዝ የሚገልጹ ቁጥሮች በጋዜጦች፣ በዩኒቨርሲቲ መማሪያዎችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘገባዎች በየጊዜው ይወጣሉ። እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደሚመጡና የት ላይ እንደሚሳሳቱ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ስለ ሌላው፣ አልፎም ስለ ራሱ የሚይዘው ሐሳብ ከቀን ወደ ቀን በእነርሱ እየተቀረጸ ነውና።

ስለ ሕዝቦች ጠባይ መናገር ጥንታዊ ነገር ነው። መንገደኞች፣ ሚስዮናውያንና ዲፕሎማቶች አንዱን ሕዝብ ኩሩ፣ ሌላውን ታካች፣ ሦስተኛውን ተጠራጣሪ እያሉ ብዙ ጽፈዋል፤ ነገር ግን የጻፉት ሁሉ በሌላ ሰው ዳግመኛ ሊመረመር የማይችል የአንድ ሰው ምስክርነት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ዩኔስኮ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተያዩ ለማወቅ በ1948 በዘጠኝ አገሮች አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲጠየቅ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ውጤቱንም ዊልያም ቡካነንና ሃድሊ ካንትሪል በ1953 በመጽሐፍ አሳተሙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋብርኤል አልመንድና ሲድኒ ቨርባ በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በምዕራብ ጀርመን፣ በጣሊያንና በሜክሲኮ ከየአገሩ 1,000 ያህል ሰው አስጠይቀው፣ ዲሞክራሲ ጸንቶ እንዲቆም ዜጎች ምን ዓይነት ባህል ሊኖራቸው ይገባል የሚለውን ጥያቄ በመረጃ ለመመለስ ሞከሩ። ናዚዝምንና ፋሺዝምን ላየ ትውልድ ይህ ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር፤ የመስኩን አነሣሥ ለመረዳትም ይህንኑ ማስታወስ ይገባል።

መስኩን ዛሬ ወዳለበት ስፋት ያደረሰው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮናልድ ኢንግልሃርት ነው። ኢንግልሃርት በ1970 በስድስት የምዕራብ አውሮፓ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ በጦርነትና በረሃብ ያደገው ትውልድ ለጸጥታና ለዳቦ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ በጥጋብ ያደገው ግን ለነጻነትና ለተሳትፎ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተከራከረ፤ ይህንንም ለውጥ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ድምፅ አልባው አብዮት ብሎ ሰየመው። መለኪያው በጣም ቀላል ነበር። መላሹ በአገር ውስጥ ሥርዓትን ማስከበር፣ በመንግሥት ውሳኔዎች ለሕዝብ የበለጠ ድምፅ መስጠት፣ የዋጋ ንረትን መዋጋትና የመናገር ነጻነትን መጠበቅ ከሚሉ አራት ግቦች መካከል የሚያስቀድማቸውን ሁለቱን ይመርጣል። አንደኛውንና ሦስተኛውን የመረጠ ቁሳዊ እሴትን አስቀዳሚ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን የመረጠ ድኅረ ቁሳዊ ተብሎ ይመደባል፤ የቀረው ቅይጥ ይባላል። የዚህ መለኪያ ጥንካሬ ሰው ሁሉንም መልካም ነገር እንዳይመርጥ ማስገደዱ ሲሆን፣ ድካሙ ደግሞ ተቺዎች በኋላ እንዳሳዩት ገበያ በሚወደድበት ዓመት ብዙ ሰው የዋጋ ንረትን ስለሚያስቀድም፣ የትውልድ እሴት የተባለው ነገር በከፊል የወቅቱን ገበያ የሚለካ መሆኑ ነው።

በአውሮፓ የተጀመረ የእሴቶች ጥናት በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ኢንግልሃርት ከአውሮፓ ውጭ ወዳሉ አገሮች እንዲስፋፋ አደረገ፤ የዓለም የእሴቶች ጥናት የተባለው ትልቅ ሥራም በዚህ መንገድ ተወለደ። ጥናቱ እስከ 2022 ድረስ በሰባት ዙሮች ከ100 በሚበልጡ አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ በየአገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 የማያንሱ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች በአብዛኛው ፊት ለፊት ይጠየቃሉ። ኢትዮጵያ በ2007 በ1,500፣ በ2020 ደግሞ በ1,230 መላሾች ተሳትፋለች። በሰባተኛው ዙር የተዘጋጀው መጠይቅ ወደ 290 የሚጠጉ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ይህም ማለት መላሹ ሥራውን ትቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ሞት ሳይቀር ይነጋገራል ማለት ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት የመለኪያውን አሠራር ግልጽ ያደርገዋል። ጠያቂው ልጆች በቤት ውስጥ እንዲማሯቸው የሚፈለጉ ባሕርያት የተጻፉበትን ዝርዝር ለመላሹ ያሳያል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ጨዋነት፣ በራስ መቆም፣ ታታሪነት፣ የኃላፊነት ስሜት፣ የፈጠራ ምናብ፣ ሌሎችን ማክበርና መቻል፣ ቆጣቢነት፣ ጽናት፣ ሃይማኖተኛነት፣ ራስ ወዳድ አለመሆንና ታዛዥነት ይገኛሉ፤ መላሹም ከእነዚህ ከአምስት ያልበለጡትን ይመርጣል። ማንም ወላጅ ልጁ ሁሉንም እንዲይዝለት ይመኛል፤ ነገር ግን አምስት ብቻ እንዲመርጥ ሲገደድ፣ አንዱ ታዛዥነትንና ሃይማኖተኛነትን ይዞ በራስ መቆምን ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ በራስ መቆምንና ጽናትን ይዞ ታዛዥነትን ይተዋል። ስለ እሴት በቀጥታ ያልተጠየቀው ሰው እንዲህ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲናገር እሴቱን ይገልጻል፤ ለዚህም ነው ይህ ጥያቄ ከመጠይቁ ሁሉ ብልሃት ካለባቸው ጥያቄዎች አንዱ ተብሎ ሊቆጠር የሚገባው።

ኢንግልሃርትና ጀርመናዊው ባልደረባው ክርስቲያን ቬልዜል እንደነዚህ ያሉትን መልሶች አጠቃለው የዓለም የባህል ካርታ የተባለውን ሥዕል ሠሩ። ካርታው ሁለት መስመሮች አሉት። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ፈጣሪን፣ ታዛዥነትን፣ የአገር ኩራትንና ለሥልጣን መገዛትን ከሚያስቀድም ትውፊታዊ አስተሳሰብ ተነሥቶ ወደ ዓለማዊና ምክንያታዊ አስተሳሰብ ያመራል፤ ወደ ጎን የሚሄደው ደግሞ ኑሮን ማሸነፍና ደኅንነትን ማግኘት ዋና ጉዳይ ከሆነበት አቋም ተነሥቶ ራስን በነጻነት መግለጽ፣ በሰው መተማመንና በሕይወት መርካት ወደጎላበት አቋም ይሄዳል። ስዊድን በካርታው ቀኝ የላይኛ ጥግ አካባቢ ብቻዋን ወጣ ብላ ትታያለች። አገሮች በጎረቤትነት ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በታሪክ ቅርስ ተሰባስበው ስለሚታዩ፣ የካርታው ሠሪዎች ፕሮቴስታንት አውሮፓ፣ ካቶሊክ አውሮፓ፣ ኦርቶዶክስ፣ ኮንፊሽየሳዊ፣ ላቲን አሜሪካ፣ አፍሪካዊና እስላማዊ እያሉ በክልል ከፋፍለዋቸዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የካርታው ድካም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በካርታው ላይ የምትገኘው ኦርቶዶክስ በተባለው ክልል ሳይሆን አፍሪካዊና እስላማዊ በተባለው ውስጥ ነው፤ ኦርቶዶክስ የተባለው ክልል ሩሲያን፣ ቡልጋሪያንና የመሳሰሉትን ይዟል። አመዳደቡ ከቁጥሩ አንጻር ስህተት አይደለም፤ የኢትዮጵያውያን መልሶች ለአፍሪካውያን ጎረቤቶቻቸው መልሶች ይቀርባሉና። የፒው የምርምር ማዕከል በ2017 ያወጣው የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ጥናት ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ አሳይቷል፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን መካከል ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ የተናገሩት 98 በመቶ ሲሆኑ ከሩሲያውያኑ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ የተናገሩት ደግሞ በኢትዮጵያ 78 በመቶ፣ በሩሲያ 6 በመቶ ነበሩ። አንድ የሃይማኖት ስም የያዙ ሁለት ሕዝቦች እንዲህ ከተራራቁ፣ ሩሲያውያንን ከቡልጋሪያውያን ጋር ያሰባሰባቸው ሃይማኖቱ ነው ወይስ ሃይማኖትን ሲያሳድድ የኖረው የኮሚኒስት ሥርዓት የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ክልሎቹ የተሰየሙት መልሶቹን ባሰባሰቡት ሰዎች ሳይሆን ካርታውን በተረጎሙት ምሁራን ስለሆነ፣ ስሙን እንደ መለኪያው ውጤት መቀበል አይገባም።

ከዚህ የባሰ ችግር ያለበት ግን በንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚጠቀሰው የኔዘርላንዳዊው የኸርት ሆፍስቴደ መለኪያ ነው። ሆፍስቴደ ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ አይ ቢ ኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ በየአገሩ ካሉት ሠራተኞቹ የሰበሰባቸውን ከ116,000 በላይ መጠይቆች መርምሮ፣ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ አገሮችን በሥልጣን ርቀት፣ ማለትም ታናሹ የታላቁን የበላይነት በሚቀበልበት መጠን፣ በግለኝነት፣ ተባዕታይነት ባለውና ፉክክርን ከመተሳሰብ በሚያስቀድም ባሕርይ፣ እንዲሁም ያልታወቀን ነገር በመሸሽ አወዳደረ። አንድ ኩባንያ መምረጡ የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ሰዎቹ በሥራና በትምህርት ስለሚመሳሰሉ የሚቀረው ልዩነት የአገር ልዩነት ነው ብሎ ነበርና። ይሁን እንጂ የመላሾቹ ቁጥር ባነሰባቸው ቦታዎች አገሮችን መደመር ስላስፈለገው ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን አንድ ላይ አድርጎ ምሥራቅ አፍሪካ የሚል አንድ ውጤት ሰጣቸው፤ ለሥልጣን ርቀት 64፣ ለግለኝነት 27። የአዲስ አበባ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ የመንዝን ገበሬ፣ የቦረናን ከብት አርቢና የሉሳካን ነጋዴ ወክሎ የተናገረ ተደርጎ የተቆጠረበት ይህ ቁጥር፣ ስለ ኢትዮጵያ ባህል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚገባው አልነበረም፤ ሆኖም ከኩባንያዎች ስልጠና እስከ መመረቂያ ጽሑፎች ድረስ እንደዚያ ሆኖ ሲጠቀስ ይገኛል። ሆፍስቴደ ራሱ ውጤቶቹ አገሮችን እንጂ ግለሰቦችን ለመግለጽ እንደማይውሉ አስጠንቅቆ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ማስጠንቀቂያውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ወሰደ።

በመልካም ጥናትና በደካማ ጥናት መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው ማን ይጠየቅ ከሚለው ነው። ናሙና ማለት ከመላው ሕዝብ ተመርጦ የሚጠየቀው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ የሚታመነው በብዛቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ የታወቀ ዕድል ሲኖረው ነው። በዚህ ረገድ ከአፍሪካ ጥናቶች ሁሉ ልምዱ የዳበረው በ1999 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በጋና አክራ የሚገኘው አፍሮባሮሜትር ነው። አፍሮባሮሜትር በአንድ አገር 1,200 ወይም 2,400 ሰዎችን የሚጠይቅ ሲሆን፣ 1,200 ሰው ሲጠየቅ የስህተቱ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 3 በመቶ፣ 2,400 ሲጠየቅ ደግሞ 2 በመቶ ያህል ይሆናል። መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ይለያሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ አራት ጠያቂዎች ከአንድ መነሻ ነጥብ አንዱ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ፀሐይን ጀርባ ሰጥቶ፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ በተወሰነ ርቀት ቤት እየቆጠሩም ያንኳኳሉ። በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነውም ዕጣ ነው፤ በአንዱ ቤት ወንድ ከተጠየቀ በሚቀጥለው ሴት ትጠየቃለች። ዕጣው ለቤቱ ምራት ወይም ለታናሽ ልጅ ከወጣ፣ አባወራው እኔ ልመልስ ቢል እንኳ ጠያቂው በትሕትና እንቢ ማለት ይኖርበታል። ይህ ጥብቅነት ባይኖር ኖሮ ጠያቂው መንገድ ዳር ያለውን፣ በር የከፈተለትንና ለመናገር የሚወደውን ሰው ብቻ ጠይቆ ይመለስ ነበር፤ የአገሩ አስተሳሰብ ተብሎ የሚወጣውም የእነዚህ ሰዎች አስተሳሰብ ይሆን ነበር።

ትክክለኛው ሰው ቢገኝም መልሱ ከሌላ አገር መልስ ጋር ይነጻጸራል ማለት አይደለም። ሰዎች መጠይቅን የሚመልሱበት ልማድ ከአገር አገር ይለያያል፤ በላቲን አሜሪካ ብዙዎች ከመለኪያው ጫፍ ያለውን ቁጥር መምረጥ ሲቀናቸው፣ በምሥራቅ እስያ ደግሞ መካከለኛውን የሚመርጡ ይበዛሉ፤ በብዙ ቦታ እንግዳን አለማሳፈር ጨዋነት ስለሆነ ጠያቂው የሚለውን ሁሉ አዎን ብሎ መቀበል የተለመደ ነው። ከሁሉም የከበደው ችግር ግን እያንዳንዱ ሰው ራሱን የሚመዝነው በዙሪያው ካለው አንጻር መሆኑ ነው። ጋሪ ኪንግና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ይህን በሚያስደንቅ ሁኔታ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በቻይናና በሜክሲኮ ያሉ ሰዎችን መንግሥት ጉዳያቸውን እንዲሰማላቸው የማድረግ ምን ያህል አቅም እንዳላቸው ሲጠይቋቸው፣ ቻይናውያኑ ከሜክሲኮዎቹ የበለጠ አቅም እንዳላቸው ተናገሩ፤ ሜክሲኮ ግን በ2000 ከሰባ ዓመት በላይ የገዛትን ፓርቲ በምርጫ ከሥልጣን ያወረደች አገር ነበረች። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለሁለቱም አገር ሰዎች ስለ ምናባዊ ግለሰቦች አጫጭር ታሪኮች ጨመሩ፤ በአንደኛው ታሪክ ያለው ሰው ንጹሕ ውኃ የለውም፣ መምረጥ አይችልም፣ መንግሥትም ስለ እርሱ ደንታ እንደሌለው ያምናል፣ ስለዚህ በዝምታ ይቸገራል። መላሾቹ የእነዚህን ሰዎች አቅም በዚያው መለኪያ እንዲመዝኑ ከተደረገ በኋላ የራሳቸው መልስ ከዚያ አንጻር ሲታይ፣ ከቻይናውያኑ 40 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን በዝምታ ከሚቸገረው ሰው በታች አስቀምጠው ተገኙ፤ የሁለቱ አገሮች ደረጃም ተገለበጠ። አንድ ቃል ለሁለት ሕዝቦች ሁለት የተለያየ ቁመት ያለው መለኪያ ነበር ማለት ነው። በዚህ ጥናት የተገኘው ትምህርት ካለው ክብደት አንጻር ሲታይ፣ ብዙ ዓለም አቀፍ ጥናቶች እስከ ዛሬ ይህን ማስተካከያ ሳይጠቀሙ ደረጃ ማውጣታቸው የሚያሳዝን ነው።

በሰው መተማመንን የሚለካው ጥያቄ ለዚህ ሁሉ ክርክር ዋና የመፈተኛ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ጥያቄው ብዙ ሰው የሚታመን ነው ወይስ ከሰው ጋር ሲሆኑ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል የሚል ሲሆን፣ በኖርዌይና በስዊድን ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሰው ይታመናል ሲል፣ በኮሎምቢያ፣ በብራዚልና በፔሩ ይህን የሚሉት ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሰው ሲባል መላሹ በአእምሮው የሚመጣለት ማን ነው? ያን ዴልሃይ፣ ኬኔት ኒውተንና ክርስቲያን ቬልዜል በ2011 በ51 አገሮች መረጃ ይህን መረመሩ፤ ሰዎች ቤተሰባቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን፣ የሚያውቋቸውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኟቸውን፣ የሌላ ሃይማኖትና የሌላ አገር ሰዎችን ምን ያህል እንደሚያምኑ ለየብቻ ከተጠየቁበት ክፍል ጋር ሲያስተያዩትም፣ በቻይናና በመሰሎቿ ብዙ ሰው የተባለው በአብዛኛው የቅርብ ሰው መሆኑን፣ በበለጸጉት የምዕራብ አገሮች ግን እንግዳውንም እንደሚያቅፍ አገኙ። ይህ የመተማመን ስፋት ተብሎ የሚጠራው ነገር ከታሰበ በኋላ በቻይና ከፍ ብሎ ይታይ የነበረው መተማመን ዝቅ ብሏል። በዕቁብ፣ በዕድርና በጉርብትና የሚተዳደር ሰው እነዚህን ስድስት ክበቦች መለየት አይከብደውም፤ ለዕቁብ ሰብሳቢው ገንዘቡን ያለ ፊርማ የሚያስረክብ ሰው በአውቶቡስ ተራ ኪሱን ጨብጦ ይቆማል፤ ሁለቱም ጠባይ የአንድ ሰው ነው።

አንድ መልካም ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ሰዎች የሚናገሩት ከሚያደርጉት ጋር ይገጥማል ወይ? በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ለዚህ ከፊል መልስ ሰጥቷል። የተመራማሪዎቹ ረዳቶች በ40 አገሮች በሚገኙ 355 ከተሞች ወደ ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ ፖስታ ቤቶች፣ ቲያትር ቤቶችና ፖሊስ ጣቢያዎች እየሄዱ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘነው ያሉትን ቦርሳ ለተቀባዩ ሠራተኛ ሰጡ፤ በጠቅላላው 17,303 ቦርሳዎች ነበሩ። በውስጡም ቁልፍ፣ የአስቤዛ ዝርዝር፣ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል ያለበት ካርድ ነበረ፤ በከፊሎቹ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ ተጨምሮ ነበር፣ በሌሎቹ ግን አልተጨመረም። ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች 40 በመቶ ያህሉ ለባለቤቱ ሲነገርላቸው ገንዘብ ካለባቸው 51 በመቶ ያህሉ ተነገረላቸው፤ ብዙዎች ከጠበቁት በተቃራኒ ገንዘብ ሐቀኝነትን ጨመረ። በአገሮች መካከል የታየው ልዩነትም ከመጠይቅ ጥናቶች የመተማመን ውጤት ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። ይህ የሙከራው ሁለተኛ ፍሬ ለመስኩ ትልቅ ነገር ነው፤ መልሱ ባዶ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና። ቢሮ ውስጥ ኢሜይል መጻፍ ባልተለመደባቸው አገሮች ግን ያልተጻፈ መልእክት ሁሉ አለመታመን ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሙከራው ከወጣ በኋላ በተለይ ስለ ቻይና የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር።

ስለ ዲሞክራሲ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚህም ይወሳሰባል። በአብዛኛው አገር፣ በአምባገነኖች በሚተዳደሩትም ጭምር፣ ሕዝቡ ዲሞክራሲን እንደሚወድ ይናገራል። የዓለም የእሴቶች ጥናት ስለዚህ ሰዎች ዲሞክራሲ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ፤ መሪዎችን በነጻ ምርጫ መምረጥ፣ የዜጎች መብት ከመንግሥት ጭቆና መጠበቅ፣ የሴቶችና የወንዶች እኩልነት፣ ሥራ ላጣ ሰው የመንግሥት ድጎማ፣ መንግሥት ሲዳከም ጦሩ ሥልጣን መያዝ፣ የሃይማኖት መሪዎች ሕግ መተርጎም፣ ሕዝቡ ለገዢዎቹ መታዘዝ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል የዲሞክራሲ መለያ እንደሆኑ መላሹ በቁጥር ይመዝናል። ውጤቱ በአንዳንድ አገሮች ዲሞክራሲን እንወዳለን የሚሉ ብዙ ሰዎች ለገዢ መታዘዝንም የዲሞክራሲ ባሕርይ አድርገው እንደሚቆጥሩ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በ2013 በአፍሮባሮሜትር ጥናት ጎልቶ ወጣ። በዚያ ዓመት 2,400 ሰዎች ሲጠየቁ አገራቸው ዲሞክራሲያዊ ናት የሚሉት ከሌሎች አፍሪካ አገሮች ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ብዙ ሆነው ተገኙ፤ የውጭ ታዛቢዎች ግን በዚያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚሰጡት ግምገማ ፍጹም ተቃራኒ ነበር። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ይህን ልዩነት ባጠኑበት ጽሑፍ ምክንያቱ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ዲሞክራሲን በራስ መንገድ መረዳት የሚለውን ጥያቄ በርዕሱ ላይ አኑረው መረመሩ። እንዲህ ያለውን ምርመራ እንዲቻል ያደረገው አፍሮባሮሜትር በየቃለ መጠይቁ መጨረሻ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው መጠይቁን ከጨረሰ በኋላ ለመሆኑ እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂው ነጻ ጥናት መሆኑን በመጀመሪያው ገጽ ቢያስረዳም፣ በብዙ አገሮች ከፍ ያለ ቁጥር ያላቸው መላሾች መንግሥት ነው የላካችሁ ይላሉ፤ እንዲህ ያሰበ ሰው ስለ መንግሥት የሰጠውን መልስ እንዲህ ካላሰበው ጋር በማስተያየት ፍርሃት ምን ያህል እንደሠራ መገመት ይቻላል። በቀበሌ ተመዝግቦ፣ በቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ፣ በቀበሌ እርዳታ ተቀብሎ ለኖረ ሰው ወረቀት የያዘ እንግዳ ከደጁ ሲቆም መንግሥት መስሎ ቢታየው የሚያስገርም አይደለም። ይህን መላሽ አላዋቂ ወይም ሐሰተኛ ማለት ታላቅ በደል ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተማረውን ጥንቃቄ ነው የተጠቀመው።

ቁጥሮቹ በሚነበቡበት ጊዜ ከሁሉ የሚዘወተረው ስህተት የአገርን አማካይ ለእያንዳንዱ ሰው መስጠት ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 ያሳየው ምሳሌ አሁንም ተወዳዳሪ የለውም፤ በ1930 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች በበዙባቸው ክፍለ ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ይበዛ ነበር፤ ሰው በሰው ሲታይ ግን ስደተኞቹ ከአገሬው ያነሰ ያነብቡ ነበር፤ ምሥጢሩ ስደተኞቹ የሰፈሩት አገሬው ይበልጥ በተማረባቸው ክፍለ ግዛቶች መሆኑ ነው። በእሴት ጥናትም በአንድ አገር ውስጥ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በአገሮች አማካይ መካከል ካለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ከሌላ ስዊድናዊ ይልቅ ለአንድ ኢትዮጵያዊ በአስተሳሰብ የሚቀርብ ስዊድናዊ፣ ከኢትዮጵያውያንም ብዙዎችን በአስተሳሰብ የሚርቅ ኢትዮጵያዊ ይገኛል። በዚያ ላይ አማካዩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ኢንግልሃርት በ2021፣ በሞተበት ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ1981 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከተጠኑት 49 አገሮች በ33ቱ ሕዝቡ ይበልጥ ሃይማኖተኛ ሆኖ እንደነበር፣ ከ2007 እስከ 2019 ግን ከ49ኙ በ43ቱ ሃይማኖተኛነት እንደቀነሰ አሳይቷል። በመጀመሪያው ጊዜ መረጃ ብቻ ተመርቶ የወደፊቱን የተነበየ ሰው ሁሉ ስቶ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ያለው መረጃ በዚህ መልኩ ለመመርመር ገና አነስተኛ ቢሆንም ባዶ አይደለም። የ2007 እና የ2020 የዓለም የእሴቶች ጥናት፣ እንዲሁም አፍሮባሮሜትር በ2013 ያካሄደውና ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ የደገመው ጥናት የእያንዳንዱን መላሽ መልስ ስሙን ሳይገልጡ በያዙ ፋይሎች ማንም በነጻ እንዲያወርዳቸው በኢንተርኔት ተቀምጠዋል፤ የኋለኛው የአፍሮባሮሜትር መረጃ የተሰበሰበው የሰሜኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ስለ ኢትዮጵያውያን መተማመን የሚጻፍ ሁሉ ከጦርነቱ በፊት ስለነበረው ሁኔታ የሚናገር ነው። በአፍሮባሮሜትር ፋይሎች ውስጥ ከመላሹ መልስ ቀጥሎ መላሹ ሳይሆን የጠያቂዎቹ ቡድን የሞላቸው ዓምዶችም ይገኛሉ፤ ቃለ መጠይቁ በየትኛው ቋንቋ እንደተካሄደ፣ በአካባቢው መብራትና የተሠራ መንገድ መኖር አለመኖሩ፣ በንግግሩ ጊዜ ሌላ ሰው አብሮ መኖሩ፣ መላሹ ዘና ብሎ ወይስ ተጠራጥሮ እንደመለሰ እዚያ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሶሲዮሎጂና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሆፍስቴደ የምሥራቅ አፍሪካ ቁጥር ላይ ከመመሥረት ይልቅ እነዚህን ዓምዶች ከመልሶቹ ጋር እያስተያዩ ቢሠሩ፣ የትኛው መልስ ከእምነት፣ የትኛው ከጥንቃቄ እንደመጣ በአገራቸው ሰዎች መረጃ ማሳየት ይችላሉ።